ልብሽን ስሚ ያለው መምህር

መምህር ደገፋ ጡረታ የወጣ ዕለት ተማሪዎቹ ካባ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው፣ ፎቶ ተነሥተው ሸኙት። እሱ ግን ደክሞት ነበር። ድካሙ የዚያ ቀን ብቻ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ከቡራዩ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቡራዩ በሚኒባስ ሲመላለስ፣ ጉልበቱ ከፊተኛው ወንበር ተጣብቆ፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ሲጮህበት ነው የኖረው። ከዚያ ወርዶ ክፍል ይገባና ስለ ጸጥታ ያስተምራል።

የሚያስተምረው የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ነበር። ከኮርሱ ሁሉ የሚወደው ትራንሰንደንታሊዝም የሚባለውን ክፍል ነው። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የተነሡ ጥቂት ጸሐፊዎችና ሰባኪዎች ያመጡት ሐሳብ ነው። እውነት ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከአያት ቅድመ አያት የሚወረስ አይደለም፣ በየሰዉ ነፍስ ውስጥ በቀጥታ ይበራል ብለው ያምኑ ነበር። በዛፉም፣ በውሃውም፣ በሰውም የሚያልፈው መንፈስ አንድ ነው ይላሉ። ስለዚህ ሰው ኮተቱንና ጫጫታውን ትቶ ወደ ተፈጥሮ ቢወጣ፣ የገዛ ልቡን ቢያዳምጥ፣ ልቡ ግፍ ነው ላለው ሕግም ባይታዘዝ፣ ያን ጊዜ ኖረ ይባላል። ከመካከላቸው አንዱ ሐይቅ ዳር ጎጆ ቀልሶ ብቻውን ኖሯል።

ደገፋ ለስሙ የሚሆን የአማርኛ ቃል ፈልጎ ፈልጎ ሳያገኝ ቀረ። ተማሪዎቹ ደግሞ ለፈተና ይሸመድዱታል እንጂ ጉዳያቸው አልነበረም። አንዱ የፈተና ወረቀቱ ላይ «ተፈጥሮ ለቱሪዝም ጠቃሚ ናት» ብሎ ጻፈለት። ግማሽ ማርክ ሰጠው። ለመከራከር ጉልበት አልነበረውም። ሌላ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ሐይቅ ዳር ብቻውን የኖረው ጸሐፊ ልብሱን የሚያጥብለት ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ደገፋም አብሮ ስቆ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

ቤቱም ቢሆን ዕረፍት የለውም። ሚስቱ ደራርቱ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ከእሱ ቀድማ ጡረታ ብትወጣም የቡራዩ ሰፈር ጡረታዋን አልተቀበለም። ግፊቱን የሚያስለካ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ምራቱ ምጥ የያዛት ሁሉ የእሷን በር ያንኳኳል። የሟች እህቷ ልጅ ማርያማዊትም እነሱ ጋ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። ከአጥሩ ወዲያ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ተከፍቷል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ብረት ሲቆረጥ የሰው ጥርስ ያፋጫል።

ጡረታ በወጣ በወሩ፣ ደራርቱ ሳሎን ተቀምጣ የአንዲት ጎረቤት ክንድ ላይ የግፊት መለኪያ ስታስር፣ ደገፋ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ገፈርሳ ሄጄ ልቀመጥ ነው» አላት።

«ለስንት ቀን?»

«እንጃ። ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩትን አንድ ጊዜ እንኳ ልኑረው።»

ደራርቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ መለኪያው ተመለሰች። «ወፍራሙን ብርድ ልብስ ያዝ» አለችው።

ገፈርሳ ከግድቡ ውሃ በላይ ባለው ተዳፋት የአክስቱ ልጅ ኦቦ ዲሪባ የእርሻ መሬት አለው። ኦቦ ዲሪባ ከደገፋ በብዙ ዓመት የሚበልጥ ገበሬ ነው። ሚስቱ በወገብ ሕመም ከተኛች ቆይታለች። አንድ ልጁ ያደታ ሯጭ ነው፤ ሱሉልታ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ልምምድ ይሠራል፣ ውጭ አገር የሚሮጥበትን ቀን ይጠብቃል። ላሞቹን የምታልበው፣ አማቷን የምታገላብጠው፣ እህሉን የምታስፈጨው የያደታ ሚስት ሮዛ ናት።

«መሬቱ ሰፊ ነው፣ የፈለግክበት ጎጆ ቀልስ» አለው ኦቦ ዲሪባ። «ግን ያ ደገፋ፣ ወንድሜ፣ ከደራርቱ ጋር ተጣልታችሁ እንዳይሆን?»

«ኧረ አልተጣላንም፣ ኦቦ። ማረፍ ፈልጌ ነው።»

ሽማግሌው አልገባውም፤ ግን የእንግዳ ነገር ነውና እሺ አለ። በባሕር ዛፍ አጠና አንዲት ክፍል ተሠራች፤ ቆርቆሮ ለበሰች፣ በጭቃ ተመረገች። ደገፋ አልጋ፣ ወንበርና መጻሕፍቱን ይዞ ገባ።

ሊያስብ ነበር የመጣው። ግን ተኛ። ጠዋት ተኛ፣ ከቀትር በኋላ ተኛ፣ ሲነቃ በባሕር ዛፎቹ መካከል ውሃውን እያየ ተቀመጠ። የዘመናት እንቅልፍ አጥንቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሮ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይመጣል። መጽሐፍ ሲከፍት ዓይኑ ይከደናል። ያ የሚጠብቀው የውስጥ ድምፅ የሚናገረው ነገር ካለ፣ ደገፋ በእንቅልፍ አልፎታል።

ደራርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣች፣ ከአስፋልቱ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች። ምግብ ታራግፋለች፣ የቆሸሸ ልብሱን በፌስታል አድርጋ ትወስዳለች። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ሳምንት ፌስታሉን ሲያቀብላት ያቺ ተማሪ ትዝ አለችው። እጁ ፌስታሉ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ምነው?» አለች ደራርቱ።

«ምንም።»

ወረደች። ደገፋ ጀርባዋን ከዛፎቹ መሃል እስክትጠፋ አያት፣ ከዚያ ተመልሶ ተኛ።

ጢሙ አደገ። ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላ ይዞ፣ ከማንም ሳይነጋገር በዛፎቹ መካከል ይመላለሳል። ይህን የሚያዩት የአካባቢው ሰዎች ደግሞ በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ አያውቁትም። ብቻውን ዛፍ ውስጥ የሚኖር፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ሰው የማያናግር ሽማግሌ ምን እንደሚባል ግን ያውቃሉ። አንድ ቀን በሩን ሲከፍት ደጁ ላይ ውሃ የሞሉ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። አንዲት አሮጊት ከአጠገባቸው ቁጭ ብለዋል።

«አባ፣ ይባርኩልን» አሉት።

«እናቴ፣ እኔ ባሕታዊ አይደለሁም። መምህር ነኝ። ጡረተኛ ነኝ።»

«እውነተኛ ባሕታዊ ባሕታዊ ነኝ መች ይላል» ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ዝቅ አሉ።

ደገፋ ደንግጦ አነሣቸው። «እግዚአብሔር ለእርስዎም ለእኔም እኩል ቅርብ ነው። ራስዎ ያናግሩት፣ መካከል ላይ ሰው አያስፈልግም» አላቸው። ይህን ለተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ብሎታል፤ ማንም ልብ አላለውም ነበር። አሮጊቷ ግን እንባቸው መጣ። መንደር ሲወርዱ ቃሉን ለሁሉም አወሩ፤ በማግስቱ የመጣው ጀሪካን በዛ። ደገፋ በጀርባ መስኮት እየወጣ ዛፎቹ ውስጥ መደበቅ ጀመረ። በዚህ ዕድሜው በመስኮት መውጣት ወገቡን ያመዋል።

እንዲህ ተደብቆ ግንድ ላይ በተቀመጠበት ነው ሮዛ ያገኘችው። የማገዶ ቅጠል ልትለቅም መጥታ ነበር። ሸክሟን አውርዳ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«አካም ቡልተኒ፣ ጋሼ» አለችው፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። «ሰዎቹ ባሕታዊ ናቸው ይላሉ። እኔ መምህር መሆንዎን አውቃለሁ። የመጣሁትም ለዚያ ነው።»

«ምን ልርዳሽ፣ ልጄ?»

ሮዛ እጇ ላይ የተጣበቀውን ሙጫ እየፋቀች ቆየች። ከዚያ ነገረችው። እዚህ አካባቢ ግንባታ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ የነበረች፣ ከእነሱ ቤት ወተት ትገዛ የነበረች ተስፋነሽ የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ ከደቡብ የመጣች ናት። አሁን ሰበታ ፋብሪካ ገብታለች። ነይ፣ ሥራ አለ፣ ክፍሌን እንጋራለን ትላታለች።

«አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነበር እኮ ያገባሁት፣ ጋሼ። ያደታ ጥሩ ሰው ነው። ግን ሱሉልታ ነው ያለው። ሲመጣ ይተኛል፣ ይበላል፣ እግሩን አሸዋለሁ፣ ይሄዳል። እኔ ለአማቶቼ፣ ለላሞቹ ነኝ። አንድ ነገር ውስጤ ሂጂ ይለኛል። ስጸልይም ይለኛል፣ ሳልብም ይለኛል። ይሄ ድምፅ ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከሰይጣን?»

ደገፋ ልጅቷን አያት። ከስንት ሺህ ተማሪ መካከል እንዲህ አድርጎ የጠየቀው አልነበረም። ገፈርሳ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፉ ለቀቀው።

«ሰው ሁሉ ዝም ሲል የሚናገረውን ያንን ድምፅ ካላመንሽው ማንን ታምኛለሽ?» አላት። «ሌላው የሚነግርሽ የሌላ ሰው ሕይወት ነው። እኔም የምነግርሽ የእኔን ነው። ልብሽን ስሚ።»

ሮዛ ራሷን ነቀነቀች። «ገለቶማ፣ ጋሼ» ብላ አመስግና፣ ሸክሟን አዝላ ወረደች። ደገፋ የዚያን ቀን ልቡ ሞልቶ ዋለ። በሕይወቱ ያስተማረው ትክክለኛ ትምህርት ይሄ ነው ብሎ አሰበ።

ሮዛ በዚያው ሳምንት ሄደች። ሳትደበቅ፣ ጠዋት ላሞቹን አልባ፣ ለአማቷ ቁርስ ሰጥታ፣ «መምህሩ ልብሽን ስሚ ብለውኛል» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ኦቦ ዲሪባ ዳገቱን ሲወጣ ደገፋ ከሩቅ አየው። አካሄዱ ደስ አላለውም። ከኋላው ያደታ አለ፤ ከሱሉልታ በቱታው እንደተነሣ መጥቷል፣ ቀጭን፣ ዓይኑ የጎደጎደ።

«ያ ደገፋ» አለ ሽማግሌው፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፤ «መሬት ሰጠሁህ። አንተ ምራቴን ወሰድክብኝ።»

«ኦቦ፣ እኔ ሂጂ አላልኳትም—»

«ልብሽን ስሚ ብለሃታል! ሚስቴ አልጋ ላይ ናት። ላሞቹ አልታለቡም፣ ሲጮኹ አይሰማህም?»

ይሰማዋል። ከታች ከበረቱ ላሞቹ ይጮኻሉ።

ያደታ ወደ ፊት ቀረበ። «ጋሼ፣ ውጭ የሚያስሮጠውን ሚኒማ ሰዓት ላሟላ ትንሽ ነው የቀረኝ። ይህን ሰዓት ካላመጣሁ አለቀልኝ። እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል? እኔም እኮ ልቤን ሰምቼ ነው የምሮጠው!»

«አንተ ልብህን ስትሰማ ላሞቹን ማን ነበር የሚያልባቸው?» አለ ደገፋ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ድምፁን ራሱ ሰማው። ዓይኑ ሳያስበው ገመዱ ላይ ወደ ተሰጣው፣ ደራርቱ አጥባ ወዳመጣችው ሸሚዝ ሄደ።

ኦቦ ዲሪባ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። «ያወጣት ቃልህ ነው፣ ቃልህ ይመልሳት» ብሎ ወረደ።

ቅዳሜ ደራርቱ ስትመጣ ነገራት። ሰምታው ስታበቃ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «እንሂድ» አለችው።

«አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ደክሞሻል።»

«አንተ ብቻህን ሄደህ ሌላ ነገር እንዳትነግራት» አለችው።

ከገፈርሳ ሰበታ ለመድረስ ብዙ ሚኒባስ መቀያየር አለ። አቧራው፣ ሰልፉ፣ የጎማ ጩኸቱ ደገፋ የሸሸው ያው ነበር። ሰበታ ሲደርሱ ፋብሪካው ፈረቃ እየለወጠ ነው። ሴቶች በቡድን በቡድን ይወጣሉ፤ የሚያወራ ጥቂት ነው። ተስፋነሽን ጠይቀው አገኟት፤ ቀይ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ልጅ ናት። «በጌታ ስም፣ ግቡ ግቡ» ብላ ወደ ተከራየችበት ግቢ ወሰደቻቸው።

ሮዛ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች። ስታያቸው ልትነሣ ሞከረች። ደራርቱ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻትና አጠገቧ በርከክ ብላ ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። እግሮቿ አብጠዋል።

«ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው?»

«አዎ፣ አዴ ደራርቱ።»

«ስትተኚ ከፍ አድርገሽ ትራስ ላይ አሳርፊያቸው። እዚያ የምትችዪ ከሆነም ትንሽ ትንሽ ተራመጂ፣ አንድ ቦታ አትገተሪ።»

ደገፋ በሩ ሥር በተሰጠው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። «ልጄ» ብሎ ጀመረ፤ «ኦቦ ዲሪባ ልኮኝ ነው። ምናልባት እኔ ያልኩሽ ነገር—»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሮዛ። «እርስዎ አይደሉም ያስወጡኝ። እርስዎ ጋ ስመጣ ወስኜ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው እሺ እንዲለኝ ብቻ ነው የፈለግሁት። ቤት ስናገር ፈራሁ፤ በራሴ ነው የምሄደው ማለት አቃተኝ። ስምዎን ጠራሁ።»

ደገፋ ያ ልቡን የሞላው ቀን እንደ ጤዛ ሲተን አየው። እፎይታም ነበረበት፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቀም።

«አሁንስ?» አላት። «ልብሽ ምን ይልሻል?»

ሮዛ ሳቅ አለች፤ የደከመ ሳቅ። «ልቤማ ምንም አይልም። ደክሞታል። ማሽኑ ጆሮ ይደፍናል። ግን ጋሼ፣ እዚያ ስደክም ድካሜ የቤቱ ነበር። እዚህ ስደክም የራሴ ነው። አልመለስም። ያደታ ከፈለገኝ ሰበታን ያውቀዋል።»

ተስፋነሽ ዳቦና ሻይ አቀረበች። ደራርቱ በላች፣ ደገፋ አልበላም። ሲወጡ ሮዛ እስከ በሩ በግድግዳው ተደግፋ ሸኘቻቸው። «ላም ሻሼ ግራ ጡቷን ያማታል፣ ቀስ ብላችሁ እለቧት በሏቸው» አለች።

በመልሱ፣ ገፈርሳ በሚያደርሳቸው ሚኒባስ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ደራርቱ ወደ ውጭ ታያለች።

«ደገፋ።»

«እ?»

«እኔን ልብሽን ስሚ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ሚኒባሱ ቆሞ ሰው ጫነ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ቆመ። ደገፋ ለስንቱ ትውልድ፣ ለማያዳምጠው ሁሉ ተናግሮታል። ቤት ሲመለስ ግን «እራት ደረሰ?» ነበር የሚለው።

«አላልኩሽም» አለ በመጨረሻ።

«አላልከኝም።»

«ምን ይልሻል?» ብሎ ጠየቃት። ፈርቶ ነው የጠየቃት።

ደራርቱ አሰበች። እንደ ቀልድ አይደለም፣ በእውነት አሰበች። «ተኚ ይለኛል» አለች። «ብዙ ጊዜው ነው። ማንም የማያንኳኳበት ቦታ ተኚ።»

ገፈርሳ ሲወርዱ ቀኑ ገና አልመሸም። መጀመሪያ ኦቦ ዲሪባ ቤት ገቡ። ደገፋ ሮዛ ያለችውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረው፤ የሻሼንም ነገር። ሽማግሌው መደቡ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን እያየ ሰማው። ያደታ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እጁ ወተት ወተት ይሸታል። የቱታው ጉልበት እበት ነክቶታል።

«ማል ጎና» አለ ኦቦ ዲሪባ፣ ምን እናድርግ እንደማለት። ቁጣው አልቆ ነበር። «በግድ የመጣች ሴት ቤት አትሆንም።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «አንተም ነገ መሄጃህ ነው?»

«ሰው እስክናገኝ እቆያለሁ» አለ ያደታ። «ጠዋት እዚሁ ዳገቱን እሮጣለሁ።» ስለ ሰበታ ምንም አልተናገረም። ግን ደገፋን እስከ ደጅ ሲሸኘው ቀስ ብሎ፣ «የፋብሪካው በር በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ከዚያ ወጥተው የደገፋ ጎጆ ደረሱ። ደራርቱ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋው ላይ ጎኗን አሳረፈችና እግሯን ሰበሰበች። ደገፋ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አለበሳት።

«ማርያማዊትስ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እኔ እሄዳለሁ።»

«ፋንታዬ ለመርፌ ትመጣለች ማታ።»

«ጤና ጣቢያ ሂጂ እላታለሁ።»

«ትቆጣለች።»

«ትቆጣ።»

ሌላ ነገር ልትል ነው መስሎት ጠበቃት። ተኝታ ነበር። አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ አንድ እጇ ከአልጋው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ትተነፍሳለች። ደገፋ አብሯት ሲኖር እንዲህ ስትተኛ አይቷት አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከእሱ በኋላ ተኝታ ከእሱ በፊት የምትነሣ ሴት ናት። እጇን አንሥቶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተላት።

ቀስ ብሎ በሩን ዘጋ። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ያገኘው ሚኒባስ ሞልቷል፤ በሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ቆሞ ቡራዩ ድረስ ሄደ። ወገቡን አመመው። ከሱቅ ሽንኩርትና ዘይት ገዝቶ ቤት ገባ፣ ማርያማዊት ከደብተሯ ቀና ብላ «አክስቴስ?» አለችው።

«እያረፈች ነው» አላት። «ሽሮው የት እንዳለ አሳዪኝ።»